ከመኪናው እኩል የምትሄደው ሴት

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ በሰሜኑ መንገድ ተመላልሷል፤ ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ አሰብ፣ ከአሰብ ተመልሶ አዲስ አበባ። ቤቱ የሚያድርባቸው ሌሊቶች ጥቂቶች ስለነበሩ፣ ባደረ ቁጥር እኛ ልጆቹ በከሰል ምድጃው ዙሪያ ከብበን ተረት እናስወራው ነበር። የእሱ ተረት እንደ እናታችን የአንበሳና የጦጣ አልነበረም፤ የመንገድ ነበር። ከሁሉም አብልጠን የምንወደው፣ ከሁሉም አብልጠንም የምንፈራው የነጭ ለባሿን ሴት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭነት የያዘ መኪና ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ የጣርማ በርን ዳገት በሌሊት ሲወጣ፣ ጉሙም የመብራቱን ብርሃን ሲውጠው፣ ከመንገዱ ዳር አንዲት ሴት ትታያለች። ነጭ ለብሳለች። ባዶ እግሯን ናት። አትጮኽም፤ አትናገርም። ሹፌሩ አልፏት ሊሄድ ሲሞክር ወደ ኋላ አትቀርም፤ ከመኪናው እኩል ትሄዳለች። ነዳጁን ቢረግጠውም ከበሩ አትለይም። በመጨረሻ በእጇ በሩን ሦስት ጊዜ ትመታለች። መኪናው ከዋሻው አፍ ሲደርስ ግን ትጠፋለች። ዋሻው ውስጥ ገብታ አታውቅም።

‹‹ብትቆምላትስ ኖሮ አባዬ?›› እንለው ነበር።

‹‹ለእሷ የቆመ ሹፌር ደብረ ብርሃን አልደረሰም›› ይለናል። ከዚያ እናታችን ‹‹በል ተው፣ ልጆቹ በሌሊት ይቃዣሉ›› ትላለች። እኛም ተቃቅፈን እንተኛለን።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ጽሑፍ ያቺን ሴት ፍለጋ ነው። ልጅ ሳለሁ ፈራኋት፤ ጎልማሳ ስሆን ናቅኳት፤ ታሪክ የማንበብ ልማድ ከያዘኝ በኋላ ደግሞ ‹‹ለመሆኑ ማን ነበረች?›› ማለት ጀመርኩ። ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ ሩቅ ወሰደኝ፤ ዞሮ ዞሮም ወደ ገዛ ቤቴ መለሰኝ።

*

አስቀድሜ ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። ጣርማ በር ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከደብረ ብርሃን አልፎ የሚገኝ የደጋው ጠርዝ ነው። በአማርኛችን ‹‹በር›› ማለት የቤት መግቢያ ብቻ አይደለም፤ ተራራ ለመንገደኛ የሚከፍተው ማለፊያም በር ነው። እዚህም ላይ የሸዋ ደጋ በድንገት ያልቅና ምድሩ ወደ ይፋት ቆላ ይወረወራል። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ሸሚዙን የከፈተ ሹፌር፣ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮችን ሽቅብ ሄዶ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ከፍታ ሲደርስ ካፖርቱን ይፈልጋል። ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ከደጋው ብርድ ሲገናኝ ጉም ይሆናል። ጉሙ አንዳንድ ቀን እንደ ግድግዳ ነው፤ የራስን እጅ ያስጠፋል።

በዚያ ገደል አፋፍ ጭላዳ ዝንጀሮ ይግጣል፤ ጅባራ ይበቅላል። ጅባራን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አበባውን ሲያወጣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ተክል ነው። በጉም ውስጥ ሲታይ ጋቢውን ተከናንቦ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። ልጅነቴን ስንቅ በነበረበት ጊዜ የነጭ ለባሿን ምሥጢር የፈታሁት በዚህ ነበር፤ ‹‹ጅባራ ነው ያየው›› ብዬ ዘጋሁት። ግን ጅባራ ከመኪና እኩል አይሄድም፤ በርም አይመታም።

ሹፌሮቹ ራሳቸው ሌላ ፍቺ ነበራቸው። ‹‹የጣሊያን ጊዜ ነፍስ ናት›› ይሉ ነበር ይላል አባቴ፤ ዋሻው ሲቆፈር ከሞቱት የአንዱ ሚስት፣ ባሏን ፍለጋ የምትንከራተት። ይህን ፍቺ አክብሬ ታሪኩን ልመርምረው።

ጣርማ በር በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ መንገዱ የተሰበረበት ቦታ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ጦርነት የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ከተፈታ በኋላ፣ ማርሻል ባዶሊዮ ከ1500 በላይ ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ ሚያዝያ 18 ቀን ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት ዕጩ መኮንኖች መንገዱን እንዲዘጉ ወደ ጣርማ በር ተልከው ነበር። ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተሰብሮ ስለጠበቀው ያ ሁሉ የብረት ሰልፍ ዳገቱ ላይ ቆሞ፣ ወታደሩ ድንጋይ ሲሸከምና ሲደለድል ዋለ። ሰልፉ የዘገየው ግን ለጥቂት ቀን ብቻ ነበር፤ ሚያዝያ 27 ቀን ዋና ከተማይቱ ተያዘች።

ከዚያ በኋላ ወራሪው መንገዱን ለራሱ ሠራው። ከአሥመራ እስከ አዲስ አበባ በሚዘልቀው የአስፋልት መንገድ ላይ የጣርማ በርን አናት በስቶ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ዋሻ አወጣ፤ ስሙንም በሙሶሎኒ ሰየመው። እስከ ዛሬ ብዙ ሰው ‹‹የሙሶሎኒ ዋሻ›› ይለዋል። በእነዚያ መንገዶች ሥራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጣሊያናውያን የቀን ሠራተኞች፣ ከእነሱም ጋር ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ደክመዋል። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ከተለቀቀች በኋላ የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ወደ ደሴ ሲገሰግስ፣ ወደ ሰሜን የሚያፈገፍገው የጣሊያን ጦር ራሱ የሠራውን መንገድ ጣርማ በር ላይ አፍርሶ ዘጋበት። ጠራጊዎቹ ፍርስራሹን አንሥተው አለፉ፤ ደሴም በዚያው በሚያዝያ ወር ተያዘች።

እንግዲህ ሙት የሚፈልግ ሰው ይህ ተራራ አያሳጣውም። ሆኖም የሹፌሮቹ ፍቺ አንድ ነገር አይመልስም። የዋሻው ሠራተኛ ሚስት ከሆነች ባሏ ያለው ዋሻው ውስጥ ነው፤ ታዲያ ለምን ዋሻው አፍ ላይ ስትደርስ ትጠፋለች? ባሏን የምትፈልግ ሴት የመኪና በር ለምን ትመታለች? ይህች ሴት የምትፈልገው ሙት አይደለም። የምትፈልገው መኪናውን ነው።

*

መኪና የምትፈልግ የሙት ነፍስ በዓለም ላይ ብዙ እኅቶች አሏት። በስዊድን አገር እ.ኤ.አ. በየካቲት 1602 ሆነ ተብሎ የተጻፈ አንድ ታሪክ አለ። አንድ ቄስና ሁለት ገበሬዎች ከገበያ ሲመለሱ በመንገድ ያገኟትን ልጃገረድ በበረዶ ሠረገላቸው ያሳፍሯታል። ከአንድ ቤት ቆመው የሚጠጣ ስታዝ ማንቆርቆሪያው መጀመሪያ ብቅል፣ ቀጥሎ የዛፍ ፍሬ፣ በመጨረሻም ደም ሞልቶ ይገኛል። እሷም መልካም አዝመራና የዛፍ በረከት፣ ከዚያም ጦርነትና ቸነፈር እንደሚመጣ ተናግራ ትሰወራለች።

በአሜሪካ ቢርድስሊና ሃንኪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1942 እና በ1943 የዚህን ተረት 79 ዓይነት አነጋገር ሰብስበው አሳተሙ። አጥንቱ አንድ ነው፤ ሹፌር በመንገድ ዳር ያገኛትን ሴት ያሳፍራል፤ መንገድ ላይ ከመቀመጫዋ ትጠፋለች፤ በሰጠችው አድራሻ ሲጠይቅ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል። በደቡብ አፍሪካም፣ ካሩ በሚባለው ደረቅ ምድር፣ ከዊሎውሞር ወደ ዩኒየንዴል የሚወስድ ጭር ያለ መንገድ አለ። በ1968 የፋሲካ ሰሞን አንዲት ወጣት እጮኛዋ በሚነዳው መኪና ተኝታ ሳለች መኪናው ተገልብጦ ሞተች። በ1976 አንድ ሹፌር፣ በ1978 ደግሞ አንድ ሞተር ብስክሌተኛ፣ በዚያው መንገድ አንዲት ሴት አሳፍረው በመንገድ እንደጠፋችባቸው ተናገሩ። ዩኒየንዴል እስከ ዛሬ በዚህች ሴት ስሟ ይነሣል።

እነዚህን ሳነብ የእኛይቱ ከሌሎቹ የምትለይበት ነገር ቀስ በቀስ ታየኝ። የስዊድኗ ተሳፍራለች። የአሜሪካዎቹ ተሳፍረዋል። የዩኒየንዴሏም ተሳፍራለች። መጥፋታቸው የሚያስደነግጠው ከተሳፈሩ በኋላ ስለሆነ ነው። የጣርማ በሯ ግን አልተሳፈረችም። በአባቴ ተረት ውስጥ የሚከፈት በር የለም፤ የሚመታ በር እንጂ።

ይህን ሳሰላስል የተረቱ አጥኚዎች የጥንት ዘመዱ ይሆናል ብለው የጠቀሱትን አንድ ታሪክ አስታወስኩ፤ እኛ ግን ከሕፃንነታችን ጀምሮ በሌላ መልክ የምናውቀው ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8። ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ የሚወርድ የምድረ በዳ መንገድ፤ የንግሥት ህንደኬ ባለሟል የሆነ ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ መጽሐፈ ኢሳይያስን ያነባል፤ ፊልጶስ እየሮጠ ይቀርበዋል። ጃንደረባው ወጥቶ ከእሱ ጋር እንዲቀመጥ ይለምነዋል። አብረው ይሄዳሉ፤ ውኃ አግኝተው ይጠመቃል፤ ከዚያ ፊልጶስ ይነጠቃል፤ ጃንደረባውም ዳግመኛ አያየውም። ‹‹ህንደኬ›› የመርዌ ነገሥታት እናቶችና ንግሥቶች ማዕረግ እንደነበረ፣ ግሪኮችም ‹‹ኢትዮጵያ›› የሚሉት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ምድር እንደነበረ የታሪክ ሰዎች ይነግሩናል። ያም ሆኖ ታሪኩን የራሳችን አድርገን ለዘመናት ተርከነዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ባለ ሠረገላው እኛ ነን። ከመንገድ ዳር እየሮጠ ከሠረገላው እኩል የሄደው እንግዳው ነው። ባለ ሠረገላውም አሳፈረው። እንግዳው ቢሰወርም እንኳ ጃንደረባው አልደነገጠም፤ ደስ እያለው መንገዱን ቀጠለ ይላል መጽሐፉ።

*

በእግርና በበቅሎ በሚኬድበት ዘመን የአገራችን መንገድ የራሱ ሕግ ነበረው። የመሸበት መንገደኛ ካገኘው ደጃፍ ቆሞ ‹‹የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ›› ይላል። ‹‹ቤት የእግዜር ነው፤ ግባ›› ይባላል። እግሩ ይታጠባል፤ ካለው ይቀመስለታል። ስሙ የሚጠየቀው ከበላ በኋላ ነው። ሌባ ሊሆን ይችል ነበር፤ ነፍሰ ገዳይም ሊሆን ይችል ነበር። የቤቱ ጌታ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አልነበረም የሚያስገባው። መንገደኛውን ወደ ጨለማ መመለስ ከሁሉ የከፋ ስለሆነ ነው።

መኪና ሲመጣ ይህ ሕግ ቀስ በቀስ ተሻረ። ሹፌሩ ደጃፍ የለውም፤ ደጃፉ ራሱ ይሄዳል። ጭነቱ የሰው ነው፤ የሚደርስበት ሰዓት ተቆርጧል። በሌሊት መቆም ከሽፍታ እጅ መውደቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሹፌር በሌሊት ላለመቆም ምክንያት ያስፈልገዋል፤ ለረዳቱ የሚነግረው፣ ለራሱም የሚነግረው ምክንያት። ‹‹ፈርቼ ነው›› ከማለት ‹‹ሰው አይደለችም›› ማለት ይቀላል። የእግዜር እንግዳ የነበረችው ሴት በአስፋልቱ ላይ ሰይጣን ሆነች። በየቡና ቤቱ የሹፌሮች ጨዋታ፣ ለቆመላት ሹፌር ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ የአህያ ሰኮና የምታሳየዋ ቆንጆ የተወለደችው እንዲህ ይመስለኛል።

*

የአባቴ ሴት ግን ቆንጆ አልነበረችም፤ ሰኮናም የላትም። ይህ ነበር ዕረፍት የነሣኝ።

አንድ ቀን የአማርትያ ሴንን ‹‹ድህነትና ረሃብ›› የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ መጽሐፍ እያነበብኩ ስለ ወሎ ረሃብ ከተጻፈው ምዕራፍ ደረስኩ። ጸሐፊው ዋና ነገር አድርጎ የሚያስረዳው ሰው የሚራበው እህል ከአገር ስለጠፋ ብቻ አይደለም፤ እህሉን የሚገዛበት አቅም ሲያጣ ነው የሚል ነው። በዚያ ክፉ ዘመን በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ ገበሬው ምርቱም ከብቱም ስላለቀ በምን ይገዛል? እንዲያውም ከወሎ እህል እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ ነበር።

በዚያው ምዕራፍ ስለ መንገዱ የተጻፈ አለ። በ1965 ዓ.ም. የተራቡት ገበሬዎች ቀያቸውን ትተው ወደ ሰሜን ደቡቡ አውራ ጎዳና ወረዱ፤ አውቶቡስና መኪና እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ገደማ ቀይ መስቀል ከወሎ በአዲስ አበባ መንገድ የመጡ አንድ ሺህ ያህል ስደተኞችን ይረዳ ነበር። ወደ ዋና ከተማይቱ በእግራቸው ሲጓዙ በፖሊስ የተመለሱም ነበሩ። ዓለም ይህን ያየው ዘግይቶ ነው፤ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በቴሌቪዥን የቀረበው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነበር። የእኛ ሕዝብ ደግሞ ከንጉሡ ግብዣ ጋር ተቀነባብሮ ያየው በመስከረም 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት ነው። እስከዚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል።

መጽሐፉን አጥፌ ካርታ ገለጥኩ። ከደሴ በእግሩ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በኮምቦልቻ፣ በከሚሴ፣ በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በደብረ ሲና ያልፋል። ከዚያ ጣርማ በርን ይወጣል።

ያን ሌሊት ተረቱን እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ጀምሬ ለራሴ ተረክሁት። ነጭ ለብሳለች፤ የገጠር ሴት ቀሚስና ነጠላ ምን ዓይነት ነው? ባዶ እግሯን ናት፤ በዚያ ዘመን የትኛዋ የወሎ ገበሬ ሚስት ጫማ ነበራት? አትናገርም፤ ለቀናት እህል ያልቀመሰ ጉሮሮ ምን ድምፅ አለው? ከመኪናው እኩል ትሄዳለች፤ ይህ ነበር ከሁሉ ይበልጥ ያስፈራን። ነገር ግን ጭነት የሞላ ኤንትሬ የጣርማ በርን ዳገት በአንደኛ ማርሽ ሲወጣ ከእግረኛ አይፈጥንም። በሩን ሦስት ጊዜ መታች፤ በር የሚመታው ለምንድን ነው? ዋሻው አፍ ላይ ጠፋች፤ በጢስና በጨለማ የተሞላ ስድስት መቶ ሜትር ዋሻ ውስጥ፣ ከመኪና ጎን፣ በባዶ እግሩ ማን ይገባል? አልጠፋችም። ቀረች።

አባቴ ሁልጊዜ ‹‹አብዮቱ ሊፈነዳ አንድ ዓመት ሲቀረው›› እያለ ነበር የሚጀምረው። ልጆች ሳለን ይህን እንደ ‹‹ዱሮ ዱሮ›› ነበር የምንሰማው። ለካስ ቀን እየነገረን ኖሯል።

*

አባቴ በዚያን ጊዜ መንዳት ትቶ በቤት የሚውል ሽማግሌ ሆኖ ነበር። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እንዴት እንደምጀምር ሳላውቅ ብዙ ቆየሁ።

‹‹አባዬ፣ ነጭ ለባሿን ያየህ ሌሊት ምን ነበር የጫንከው?›› አልኩት።

ወዲያው አልመለሰልኝም። ነገሩን የረሳ መስሎኝ ልደግምለት ስል፣

‹‹እህል›› አለኝ።

‹‹ከየት?››

‹‹ከደሴ። የነጋዴ ነው። መቶ ኩንታል ያህል።››

ከዚያ ሳልጠይቀው መናገር ጀመረ። ጥምቀት ካለፈ ሁለት ሳምንት ይሆን ነበር አለ። ከኮምቦልቻ ጀምሮ በመንገዱ ዳር ሰው ተቀምጦ ነበር። በቀን ሲያዩአቸው ሰዎች ናቸው። ረዳቱ ከስንቁ ዳቦ ወረወረላቸው፤ ሲሻሙ አይቶ ሁለተኛ አልወረወረም። ደብረ ሲና ሲደርሱ መሸ። ማደር ነበረባቸው፤ ግን ነጋዴው በማግስቱ ጠዋት እህል በረንዳ እንዲደርስ ብሎ ነበርና ዳገቱን ጀመሩ። ጉም ነበር። እሷን ያየው ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ነው።

‹‹ረዳቴ ‹ጋሼ፣ እንዳትቆም፤ ሰው አይደለችም› አለኝ። ልጅ ነበር፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ሰው አይደለችም አልኩ። ዳገት ላይ የቆመ ኤንትሬ መልሶ ለማስነሣት ፈተና ነው። ፍሬኑም ያን ያህል አልነበረም።›› ትንሽ ዝም አለና ‹‹ልጁ ወርዶ ታኮ ቢያደርግ ግን ይቻል ነበር። ስንት ጊዜ አድርገነዋል›› አለ።

‹‹ሰው መሆኗን መቼ ዐወቅክ?››

‹‹በሩን ስትመታ። መንፈስ በር አያንኳኳም።››

ሌላም ነገር ነገረኝ። በተረቱ ውስጥ ለእኛ ነግሮን የማያውቀውን። በግራ እጇ በነጠላዋ ሥር ከደረቷ አስጠግታ የያዘችው ነገር ነበር። ልጅ ይሁን ጥቅል አላየሁም አለ። ላለማየት ፊቱን ወደ መስተዋቱ አዞረ።

ምን ማለት እንደነበረብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ‹‹አንተ ብቻ አይደለህም›› ልለው አልኩ፤ እውነት ነበር፤ አገር በሙሉ በዚያ መንገድ አልፏል። ግን እሱ የጠየቀኝ ስለ አገር አልነበረም። እጁን ያዝኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሴትዮዋ አልተነጋገርንም፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ዐረፈ።

*

አሁን ስለ ሙት ነፍስ ተረት ያለኝ ሐሳብ ተለውጧል። ተረቱ ውሸት ነው ብዬ አልተነሣም፤ እውነትን የሚሸከምበት መንገድ ግን ገብቶኛል። አንድ ሰው ያየውን ማየት ካልቻለ ተረት ያደርገዋል። ሴትዮዋ መንፈስ ከሆነች አባቴ የተወው ሰው የለም። ተረቱን ለልጆቹ በነገረ ቁጥር ከዚያ ዳገት በሰላም ይወጣ ነበር። ሆኖም ያው ተረት ክሱንም ይዞ ኖሯል፤ ልብሷን፣ እግሯን፣ ዝምታዋን፣ ሦስቱን ምት አንዱንም ሳይጥል። አባቴ ለማምለጥ የሠራው ተረት እሷን ሃምሳ ዓመት ጠብቆ ለእኔ አደረሰልኝ። ‹‹ለእሷ የቆመ ሹፌር ደብረ ብርሃን አልደረሰም›› የሚለው ብቻ ነው እሱ የጨመረው።

በባህላችን የሞተ ሰው ይለቀስለታል፤ በአርባ ቀኑ፣ አቅም ካለም በየዓመቱ፣ ተዝካሩ ይወጣል። መንደርተኛው ‹‹ነፍስ ይማር›› እያለ ይበላል፤ ሙቱም ያርፋል። በመንገድ የወደቀ፣ ስሙን የሚያውቅ ዘመድ አብሮት የሞተ ሰው ግን ይህ ሁሉ የለውም። ለእሱ የሚቀረው የሹፌሮች ጨዋታ ነው። ምናልባት መንገድ ዳር የሚቆሙ ነፍሳት በየአገሩ የበዙት በዚህ ምክንያት ይሆናል፤ የሚፈልጉት እኛን ማስፈራራት ሳይሆን፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ፣ ስማቸው እንዲጠየቅ ነው።

እናቴ ስለ አባቴ አንድ ነገር ታማርር ነበር። ‹‹ጋቢናህ የሰው ጎተራ ሆኗል›› ትለው ነበር። አሮጊት፣ ወታደር፣ ዶሮ የያዘች ባልቴት፣ ከመንገድ ያገኘውን ሁሉ ይጭናል፤ ሳንቲም አይቀበልም። አለቆቹ በዚህ ሁለት ጊዜ ቀጥተውታል። እኛ ደግነት ነው ብለን እናወራለት ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እናቴን ጠየቅኳት። ጥቂት አሰበችና ‹‹አንተ ሳትወለድ፤ አብዮቱ ሊፈነዳ አካባቢ›› አለችኝ።

ባለፈው ክረምት ወደ ደሴ ስሄድ በጣርማ በር አለፍኩ። ቀን ነበር፤ ጉሙ ግን ወርዶ መብራት አስበርቷል። ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ሰው ለትንሽ ልጁ ‹‹እዚህ ጋ ነጭ የለበሰች ሴት ትታያለች ይላሉ›› ሲለው ሰማሁ። ልጁ በመስኮቱ ላይ አፍንጫውን ለጥፎ ፈለጋት። ልናገር ፈለግኩ፤ በአውቶቡስ ውስጥ ግን የሚነገር አልሆነልኝም። ዋሻው ዋጠን።

ስለዚህ ይህን ጻፍኩ። ስሟን አላውቅም፤ የመጣችበትን መንደርም አላውቅም፤ ከነጠላዋ ሥር የያዘችውንም አላውቅም። ተዝካሯ ይሁንልኝ። ያነበበ ሁሉ ነፍስ ይማር ይበል፤ ለእሷም፣ በሩን ላልከፈተላት ለአባቴም።